በካፓ አፍ የሌላ ሴት ድምፅ

ሰው ፊቱን በመስታወት ያያል። ድምፁን ግን በምን ያየዋል? ካፒቶሊና ሳቪችና ኦዜጎቫ ይህን ጥያቄ ከልቧ የጠየቀችው በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በኮስትሮማ ሲኒማ ቤት ተቀምጣ፣ ሸራው ላይ የገዛ ከንፈሯን እያየች ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። መጋቢት ገባ ቢባልም ቮልጋ በረዶውን ገና አልለቀቀም። የከተማው ሰው ከነካፖርቱና ከነፀጉር ቆቡ አዳራሹን ሞልቶ የሱፍ አበባ ፍሬ ይቆረጥማል። የመጣው ለፊልሙ አልነበረም፤ ለካፓ ነው፤ ካፒቶሊናን ባጭሩ እንዲህ ነው የሚጠሯት። ካፓ የእነሱ ናት። የበፍታ ፋብሪካ ሸማኔ ልጅ፣ ሌኒንግራድ ሄዳ ትወና ተምራ፣ እዚያው ትቀራለች ሲባል ተመልሳ የመጣች፣ በከተማው ቴአትር ከአገልጋይ እስከ ንግሥት የተጫወተች። ከሁለት በጋ በፊት የሞስኮ ፊልም ሠሪዎች የአንዲት ሸማኔ ታሪክ ሊቀርጹ ኮስትሮማ ሲመጡ ዋናዋን ሴት እሷን አደረጓት። ዳይሬክተሩ የሰጣት ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ «እንደ እናትሽ ተናገሪ።»

የቮልጋ ዳር ሰው ቃል አይቆራርጥም። አፉን ከብቦ፣ ሞልቶ፣ ረጋ አድርጎ ይለቀዋል፤ ሲናገር ባዶ በርሜል ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ሞስኮዎች ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው ይመጣል። ካፓ ግን ያን በጋ እንደ እናቷ ተናገረች፤ በካሜራ ፊት ስትቆም ቤቷ የገባች ያህል ቀለላት።

አሁን በግራዋ እናቷ ፔላጌያ አዲስ ሻርፕ ጠምጥማ ተቀምጣለች። በቀኟ ግሌብ ገርማኖቪች አለ። ግሌብ የፊልሙ ድምፅ ቀራጺ ነው፤ የሞስኮ ፕሮፌሰሮች ልጅ፣ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ። ያን በጋ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጣት፣ ካፓ የገባት ነገር ነበር። ብዙ ወንድ ዓይኑን አፍጥጦ አይቷታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያያት እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይጽፍላታል። የመጨረሻው ደብዳቤው አጭር ነበር፦ «ፊልሙ ከተማችሁ ሲታይ እመጣለሁ። ቅዳሜ ምሽት በባቡር ስመለስ መልስሽን ይዤ ልመለስ። ሞስኮ ነይ። ሚስቴ ሁኚ።»

መልሱን በልቧ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እሺ ልትለው ነው።

መብራቱ ጠፋ። ሸራው ላይ ካፓ ከፋብሪካው በር ወጣች፤ ዞረች፤ አፏን ከፈተች።

የወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነበር። ቀጭን፣ ልስልስ ያለ፣ በሬዲዮ የአየር ጠባይ የምትናገረውን ሴትዮ የመሰለ። አንገቷ የካፓ፣ እጇ የካፓ፣ ከንፈሯ የካፓ፤ ድምፁ ግን የማታውቃት ሴት።

ከኋላ፣ የእናቷ የፋብሪካ ባልደረባ ክላቭዲያ፣ «ውይ! የፔላጌያ ልጅ አፏን ሞስኮ ልካ አሳጥባው መጣች!» አለች።

«ምነው፣ ሬዲዮ ዋጠች እንዴ?»

«የእናቷ አነጋገር አሳፍሯት ነዋ! ከእንግዲህ ገበያ ስናገኛት በአስተርጓሚ ነው የምናወራት!»

ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተንከባለለ። ካፓ ወደ ግሌብ ዞረች። ሸራውን አያይም፤ ጉልበቱን ነው የሚያየው። ያልገረመው ሰው አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። ተነሥታ በሰው ጉልበት መሐል እየተሹለከለከች ወጣች። ደጅ ቆማ ቀዝቃዛውን አየር ስትስብ፣ ከንዴቷ በፊት የመጣባት አንድ የሚገርም ስሜት ነበር፦ ልትናገር ፈለገች፤ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

* * *

እቤት ገብታ ድንች መላጥ ጀመረች። ማንም አለመኖሩን አይታ ከፊልሙ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሞከረች፤ በዚያች በሌላዋ ሴት ድምፅ። ያለ ምንም ችግር፣ ቁርጥ ያቺን ሴትዮ ሆኖ ወጣ። ቢላዋውን አስቀመጠች። ሌኒንግራድ መምህሮቿ ይህን አነጋገር እስኪቀና ድረስ አሠቃይተዋታል፤ ቴአትር ቤት በየምሽቱ ትናገርበታለች። ታዲያ ከቻለች ለምን ራሷን አልጠየቋትም? ለምን ሌላ ሴት?

እናቷ በሩን በርግዳ ገባች፤ የጫማዋን በረዶ እያራገፈች።

«ጥለሽኝ የት ሄድሽ አንቺ?» ፔላጌያ ስትናገር ግድግዳ ይሰማል። ዕድሜዋን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲጮህባት ጆሮዋ አልቋል። «ያ ሁሉ መንጋ ይገለፍጣል፤ እኔ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ምን እንዳሳቃቸው አሁንም አልገባኝ!»

ካፓ ወደ ብርሃኑ ዞረች፤ እናቷ የምትሰማው ከንፈር ስታይ ነው። የፋብሪካ ሴቶች በዚያ ጩኸት መሐል ሲጫወቱ፣ ሲሳደቡ፣ ሲዳዳሩ የኖሩት በከንፈር ነው።

«እማዬ፣ ድምፁ የኔ አልነበረም። ሌላ ሴት ናት የተናገረችው።»

«የምን ሌላ ሴት? አየሁሽ እኮ!»

«ያየሽው ፊቴን ነው።»

«ስትናገሪ ነው ያየሁሽ!» ፔላጌያ አፏን ከበበች፤ የፊልሙን ንግግር ቃል በቃል፣ በቮልጋ አፍ፣ እያስተጋባች አለችው። «እንዲህ አይደል ያልሽው? አፍሽን ሞልተሽ! እኔን፣ ሟች እናቴን፣ ሁላችንንም መሰልሽ። 'ልጄ አልረሳችንም' ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ድምፅዋን የሰማች አንዲት ደንቆሮ ሴት ብቻ ነበረች።

«ደሞ ያ ልጅ» አለች እናቷ ሻርፕዋን እየፈታች፣ «መጀመሪያ አንቺን ፍለጋ ሮጠ። ሲያጣሽ ተመለሰና በረዶው ላይ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ ያወራልኛል። አንዲት ቃል አልያዝኩም! እነዚህ ሞስኮዎች የሚናገሩት በመርፌ ቀዳዳ ነው። ቢሆንም ክንዴን እንደ እንቁላል ነው የያዘው። እጅ አይዋሽም። ምን አድርጎሽ ነው?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ጠይቂዋ! ለመኮራረፍ ቀኑ ረጅም ነው።»

ካፓ ሳቀች። ንዴቷ አልበረደም፤ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር፣ እንደ ልጅነቷ የተዘጋ ሣጥን ስታይ የሚበላት ዓይነት ነገር፣ ቀና ቀና ማለት ጀመረ።

* * *

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ካፓ መድረክ ላይ ነበረች። ማታ የሚታየው የቆየ ኮሜዲ ነው፤ እሷ የጄኔራል መበለት ትሆናለች። ከጎኗ ሴራፊማ ልቮቭና፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ከከተማው ከንቲባ በቀር የማታንጓጥጠው ሰው የሌላት ተዋናይት፣ ልምምዱን በወንበር ላይ ሆና ትመራለች።

ግሌብ ከመጋረጃው ጎን ብቅ አለ፤ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። ካፓ አየችው። የተውኔቱ ጥራዝ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ግሌብ ጎንበስ ብሎ አነሣላት።

«ጣል!» ብላ ጮኸች ሴራፊማ። «ጣለው አልኩህ! ማን አንሣ አለህ?»

«እኔ... ልረዳት ብዬ...»

«ሳትቀመጥበት! ከእጅ የወደቀ ጥራዝ ሳይቀመጡበት ሊነሣ! ተውኔታችን ማታ እንዲወድቅ ነው? ካፒቶሊና፣ ቁጭ በይ! አንተም ጎረምሳ፣ ያነሣኸው አንተ ነህና ተቀመጥ!»

«እሱ የቴአትር ሰው አይደለም፣ ሴራፊማ ልቮቭና» አለች ካፓ።

«ያስታውቃል! ፊልም ሠሪ ነው፤ እነሱ ቢወድቅባቸው ቆርጠው ይቀጥሉታል። እኛ መቀስ የለንም። ተቀመጡ!»

ሁለቱም መድረኩ መሐል፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ጥራዝ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ሴራፊማ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች፤ ዓይኗ ብዙ ነገር አይቷል። «በሉ ልጆች» አለች ለሌሎቹ ተዋንያን፣ «ሻይ እንጠጣ። ጥራዙ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል።»

ብቻቸውን ቀሩ። ግሌብ ጩኸት ጠብቆ አንገቱን ሰበረ።

«ማናት?» አለች ካፓ።

ቀና አለ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጎ አጣ። «ኤሚሊያ ትባላለች። ሞስኮ ቴአትር ትሠራለች።»

«ወጣት ናት?»

«ከኔም ከአንቺም ትበልጣለች።»

«እንዴት ነው የምታደርገው? አጠገቤ ሳትኖር እንዴት አፌ ውስጥ ገባች?»

«ፊልሙ በቁራጭ በቁራጭ ይቆረጥና ጫፍና ጫፉ ይጣበቃል። ያቺው አንድ አፍታ እየዞረች ትመጣለች። እሷ ጨለማ ውስጥ ቆማ ከንፈርሽን እያየች ትናገራለች፤ እስኪገጥም ድረስ ደግማ ደጋግማ።» ትንሽ አመነታ። «አንድ ቀን ማዳመጫውን አወለቀችና፣ 'ይህች ሴት አፏን በጣም ትከፍታለች፤ ልሞላው አቃተኝ' አለችኝ።»

ካፓ ፈገግታዋን ዋጠችው። ያቺን ሴት ልትጠላት ነበር የመጣችው፤ አልሆነላትም።

«ማን ነው የወሰነው?»

«የስቱዲዮው ሸንጎ። አነጋገሩ የአንድ አውራጃ ነው፤ አገሩ ሁሉ አይገባውም አሉ። ዳይሬክተሩ ግን...» ቆቡን ጨበጠው። «ዳይሬክተሩ፣ 'ካፒቶሊናን ጥራት። መጥታ ራሷ በሞስኮ አነጋገር ትድገመው' አለኝ።»

«እና?»

«አልጠራሁሽም።»

ከጀርባ የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማል።

«በጉዞ ላይ ናት፤ ቴአትሩ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ አትገኝም አልኳቸው።»

«ዋሸህ።»

«ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«ትመጪ ነበራ!» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «መጥተሽ፣ ያንን ድምፅ እኔው ፊት፣ በገዛ እጄ እየቀረጽኩት፣ እንድታጠፊው? አልቻልኩም፣ ካፓ! ሌላ ሴት ብትናገር ያንቺው ሳይነካ ይቀራል ብዬ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ እቤቴ አለ። ማንም እንዳይደመስሰው ወስጄ ደበቅኩት።»

ልቧ ወደ እሱ አዘነበለ። ለእሷ ሲል የዋሸ፣ ለእሷ ሲል የሰረቀ ሰው። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ እቅፉ ውስጥ ትወድቅ ነበር። ካፓ ግን ያ የሚበላት ነገር ገና አልለቀቃትም።

«ታዳምጠዋለህ?»

«ሁልጊዜ።»

«ብቻህን?»

ግሌብ ቆቡን ገለበጠው።

«እንግዳ ሲመጣም... አንዳንዴ እናሰማለን።»

«ምን ይላሉ?»

«ይወዱታል። በጣም ነው የሚወዱት።»

«ይስቃሉ?»

«በፍቅር እኮ ነው! እናቴ፣ 'ልክ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው' አለች። በፍቅር ነው የሚስቁት፣ ካፓ።»

«እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ይህ ቴአትር ቤት ገብተው ተውኔት አይተው ያውቃሉ፣ ግሌብ ገርማኖቪች?»

ግሌብ ዞር ብሎ ከመጋረጃው ጎን ማን እንደመጣ ተመለከተ። ማንም አልነበረም። የተናገረችው ካፓ ናት። ድምፁ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደተወለወለ ብርጭቆ የሚያንጸባርቅ ነበር፤ ከኤሚሊያም ይልቅ የጠራ። ፊቱ ነጭ ሆነ።

«ይህ... ከየት መጣ?»

«ከሌኒንግራድ። አራት ዓመት ምን ስማር የቆየሁ መሰለዎት? በየምሽቱ እዚህ የቆምኩበት ቦታ በምን የምናገር መሰለዎት? አንዴ ደውለው ቢሆን፣ በባቡር መጥቼ፣ በአንድ ቀን ጨርሼ፣ ለማታው ተውኔት እመለስ ነበር። ይህን ድምፄን ከተማዬ ከመድረክ ያውቀዋል፤ አይስቅብኝም፣ እናቴንም በእኔ አይሰድቧትም ነበር!»

«ትበላሺብኝ ነበር...»

«ማን ነው የሚበላሸው? እኔ ወይስ የእናትዎ ዳቦ?»

ግሌብ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ፣ «ታዲያ የትኛው ነው ያንቺ?» አለ።

ካፓን ሌኒንግራድ ሳለች በርሜል እያሉ ይጠሯት ነበር። ስትመለስ ደግሞ ጎረቤቱ ሬዲዮ አላት። ከዚያ ወዲህ አንዱን ድምፅ እንደ ጫማ ቴአትር ቤቱ በር ላይ ታጠልቃለች፤ ሌላውን እናቷ ቤት። በባዶ እግሯ ሆና የተናገረችው መቼ ነው?

«አላውቅም» አለች። የከበሬታው ድምፅ ጠፍቷል። «ከተዋወቅን ጀምሮ የጠየቅኸኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ይሄ ነው። እስከ ዛሬ ስታዳምጠኝ ነበር እንጂ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«ባቡሬ ምሽት ነው የሚነሣው። መልስሽስ?»

«ለማን ነው የምመልሰው? ያን ድምፅ ከሆነ የምትፈልገው፣ እሱን አግብተኸዋል፤ ቤትህ ነው ያለው።»

«ተነሡ!» አለች ሴራፊማ ልቮቭና ከጀርባ ብቅ ብላ። «በዚህ ዓይነት ጥራዙ ሞቆ ይቃጠላል።»

ካፓ ጥራዙን አንሥታ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። በሞቀው ወረቀት ሥር ልቧ ሲመታ ይሰማታል፤ ማንን እንደሚጠራ ግን አልነገራትም።

* * *

ማታ ስትተውን አዳራሹን አላየችም። የመድረክ መብራት ዓይን ላይ ሲያርፍ ከፊት ያለው ጨለማ ብቻ ነው። በጨለማው ውስጥ ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲንቋቋ ትሰማለች። ባቡሩ የሚነሣበት ሰዓት ሁለተኛው ትዕይንት መሐል ላይ ደረሰ። ሄዷል፣ አለች በልቧ። ይሂድ፣ አለች። ከዚያ፣ ለምን ሄደ? አለች።

በተውኔቱ የጄኔራሉ መበለት ለሚሄደው እንግዳ እጇን ዘርግታ «በደህና ይግቡ» ትላለች። ሌላ ምንም የለም። ካፓ ይህን ቃል ሁልጊዜ በሌኒንግራድ ድምፅ፣ በቀዝቃዛው፣ ትለዋለች፤ ሰዉም ይስቃል። ዛሬ እጇን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን የማታውቀው ድምፅ ሆነ። የእናቷ አይደለም፤ የመምህሮቿም አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሰነጠቀ፣ ማንንም ለማስደሰት ያልተቸገረ ድምፅ ነበር። ከፊቷ የቆመው ተዋናይ ቀጣዩን ቃሉን ረሳ። አዳራሹ አልሳቀም። አንድም ሰው አላሳለም።

ጭብጨባው ካለቀ በኋላ መልበሻ ክፍል ገብታ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጠች፤ ቀለሟን መጥረግ ሳትጀምር። ሴራፊማ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ «አንድ ሰው ባቡር አምልጦታል። ላስገባው ወይስ በረዶ ላይ ይደር?» አለች፤ መልስም ሳትጠብቅ ግሌብን ወደ ውስጥ ገፍታ ሄደች።

ቆሞ ቀረ። ዓይኑን አልጨፈነም። ፊቷን፣ ዱቄቱን፣ የተንጋደደውን የመበለት ሹሩባዋን፣ ላቧን፣ ሁሉንም አየ።

«ከኋለኛው ረድፍ ነበርኩ» አለ። «እንግዳውን ስትሸኚ... ያ የማን ድምፅ ነው?»

«እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«አላውቃትም» አለ ግሌብ። «እየቀረጽኩ ብሆን ኖሮ፣ 'ማሽኑ ተበላሽቷል' ብዬ አቆመው ነበር። አስፈራችኝ። ሞስኮ ሊወስዳት የፈለገ ሰው እሷን አያውቅም።» ወደ መስታወቱ ቀረብ አለ። «ላውቃት እችላለሁ?»

ካፓ ጣቶቿን ተመለከተች። ቀን እዚያ ወለል ላይ የፈለገችው ይቅርታ ሳይሆን ይህ እንደነበር አሁን ገባት።

«ሞስኮ አልመጣም፣ ግሌብ። መልሴ ይሄ ነው።»

«እሺ» አለ፤ ወደ በሩም ዞረ።

«አልጨረስኩም። ስትመለስ ለዳይሬክተሩ በጉዞ ላይ እንዳልነበርኩ ትነግረዋለህ። አንተው ራስህ። ቅጂውንም ታመጣልኛለህ፤ የኔ ነው። እኔ ድምፄን ሰምቼው አላውቅም። እንግዶችህ ሁሉ ሰምተው ስቀውበታል፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።»

«አመጣለሁ።»

«እንግዲያ ና። የሚያስመጣህ ባቡር እንደሆነ አለ።»

ግሌብ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ግማሹ ብቻ ተሳካለት። «ነገስ ምን አለ? ነገ እሑድ ነው፤ ሥራ የለኝም።»

«ነገ ጠዋት የልጆች ተውኔት አለን። ቀበሮ ነኝ።»

«ቀበሮ?»

«ከነጅራቷ።»

«ቀበሮዋ በየትኛው ድምፅ ነው የምትናገረው?»

«ገብተህ ስማ። ከልጆቹ ጋር ግን ፊተኛው ረድፍ ላይ እንዳትቀመጥ፤ ይጋርድባቸዋል ብለው ያስወጡሃል።»

ሲወጣ ኮቴው በኮሪደሩ ራቀ። ካፓ ጥጡን ቅባት አስነክታ ቀለሟን መጥረግ ጀመረች፤ ከጉንጯ፣ ከግንባሯ፣ በመጨረሻም ከከንፈሯ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ምንም ያልተቀባ አፏን ትንሽ ከፈተች። ካፓ ልታናግራት ፈለገች፤ ተወችው። ደስታ ይሁን ፍርሃት ያልለየችው ነገር ደረቷን ሞልቶት ነበር፤ እና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነገ ምን እንደምትል አለማወቋ ጣፈጣት።